መስፈር፣ መመዘን፣ ማመቅ፦ ስለ አነስተኛው የእንክብል መሥሪያ መኪና የአማርኛ ስያሜዎች

ስለ አነስተኛ የእንክብል መሥሪያ መኪና አሠራር ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የመመሪያ ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን አንብበነዋል። ረቂቁ የታሰበው ለመኪናው ሠራተኞችና ለፋርማሲ ተማሪዎች ነው። የተርጓሚውን ስም ሆነ ሥራውን ያዘዘውን ድርጅት መጥቀስ አያስፈልገንም፤ የምንመረምረው ቃላቱን ነውና። በዚህ ሙያ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት በመሆኑ ተርጓሚው የደከመበት ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከስያሜዎቹ አንዳንዶቹ ለጆሮ ከመጎርበጥ አልፈው ሠራተኛውን ወደ ተሳሳተ ሥራ የሚመሩ ሆነው አግኝተናቸዋል። የሚሠራው ነገር መድኃኒት እንደመሆኑ መጠን የቃሉ ስሕተት የሚያርፈው በመጨረሻ እንክብሉን በሚውጠው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ጥቃቅኑን ትተን ዋና ዋናዎቹን እናነሣለን።

በቅድሚያ መኪናው የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። የምንናገረው በእጅ ወይም በሞተር ስለሚዞረው፣ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራና በአነስተኛ የመድኃኒት ማምረቻ ስለሚገኘው ባለ አንድ ጥንድ ዘንግ መኪና ነው። በትልልቅ ፋብሪካዎች ያለው ተሽከርካሪ መኪና ብዙ ጥንድ ዘንጎችን በአንድ ክብ ገበታ ዙሪያ ይዞ ይዞራል፤ ይህኛው ግን በአንድ ዙር አንድ እንክብል ብቻ ያወጣል፤ ምርቱም ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ100 አይበልጥም። በመኪናው መካከል ከላይ እስከ ታች የተበሳ ወፍራም የብረት ቀለበት ተጠብቆ ታስሯል። ከታች አንድ ዘንግ በቀዳዳው ገብቶ ወለል ይሆነዋል፤ ከላይ ሌላ ዘንግ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ሥራው ሲጀመር የታችኛው ዘንግ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከሆፐሩ ሥር ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል በቀለበቱ አፍ ላይ መጥቶ ይነቃነቃል፤ የመድኃኒቱ ቅንጣትም በራሱ ክብደት ወርዶ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ያው ክፍል ወደ ኋላ ሲመለስ ከአፍ የተረፈውን ጠርጎ ይሄዳል። ከዚያ የላይኛው ዘንግ ወርዶ ቅንጣቱን ያምቀዋል። እሱ ተመልሶ ሲወጣ የታችኛው ዘንግ ተነሥቶ እንክብሉን እስከ ቀለበቱ አፍ ያደርሰዋል። ያ ተንቀሳቃሽ ክፍል ለሚቀጥለው ሙሌት ሲመጣም የተሠራውን እንክብል በአፍንጫው ገፍቶ ወደ መውረጃው ይጥለዋል።

ይህን ተንቀሳቃሽ ክፍል ረቂቁ «አጉራሽ» ብሎታል። ከስያሜዎቹ ሁሉ የተዋጣለት ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እንግሊዝኛው ክፍሉን የሚጠራው በጫማ ስም ነው፤ ተርጓሚው ጫማውን ትቶ ሥራውን ተመለከተ። አማርኛ ተናጋሪ እንግዳን ያጎርሳል፣ ጠመንጃንም ጥይት ያጎርሳል፤ ስለዚህ ባዶ አፍ ላይ መጥቶ ልኩን ሰጥቶ የሚመለስ ነገር «አጉራሽ» ቢባል ማንም ሠራተኛ ሁለተኛ አይጠይቅም። በሌሎቹም ስያሜዎች ይኸው ዐይን ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገን ነበር።

ወደ ዋናው ነቀፌታችን እንምጣ። በዚህ መኪና ላይ ሠራተኛው ዘወትር የሚነካቸው ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። የመጀመሪያው የታችኛው ዘንግ በሙሌት ጊዜ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚቆም ይወስናል። ዝቅ ባለ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ብዙ ቅንጣት ይገባበታል፤ እንክብሉም ይከብዳል። ሁለተኛው የላይኛው ዘንግ ወደ ጉድጓዱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ይወስናል። ጠልቆ በገባ ቁጥር ያው የገባው ቅንጣት ይበልጥ ይታመቃል፤ እንክብሉ ይሣሣል፣ ይጠነክራልም፤ ክብደቱ ግን ያው ነው። ረቂቁ የፊተኛውን «የሙሌት መጠን ማስተካከያ»፣ የኋለኛውን «የግፊት መጠን ማስተካከያ» ይላቸዋል። ይህ ብቻውን ባልከፋ ነበር። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ግን ሁለቱንም አሳጥሮ «መጠን ማስተካከያ» እያለ ይጠራቸዋል። ይባስ ብሎ በሽተኛው የሚወስደውን የመድኃኒት ልክም «መጠን» ይለዋል። «መጠኑ ሲያንስ መጠን ማስተካከያውን አዙር» የሚል መልእክት የደረሰው ሠራተኛ የትኛውን ያዞር?

ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ያለበት፣ ከማያያዣውና ከሌላው ጭማሪ ጋር 600 ሚሊግራም የሚመዝን እንክብል ታዘዘ እንበል። ሙሌቱ ጎድሎ እንክብሉ 540 ሚሊግራም ብቻ መዘነ። ድብልቁ አንድ ዓይነት ከሆነ በውስጡ ያለው መድኃኒት 450 ሚሊግራም ነው ማለት ነው። ሠራተኛው ታችኛውን ማስተካከያ በማዞር ፈንታ ላይኛውን ቢያዞር የሚያገኘው ጠንካራ፣ አንጸባራቂ፣ ሲያዩት ያማረ፣ ነገር ግን አሁንም 450 ሚሊግራም የሆነ እንክብል ነው። እንዲያውም ከመጠን በላይ በመታመቁ በሆድ ውስጥ ቶሎ ላይፈርስ ይችላል። ጥፋቱ በዐይን የማይታይ በመሆኑ ከለሰለሰና ከሚፈረፈር እንክብል የከፋ ነው።

ታዲያ ምን ይባሉ? እኛ እንደምናምነው ቋንቋው መልሱን ካዘጋጀ ቆይቷል። አማርኛ ለልክ አንድ ግስ ብቻ የለውም። ጨርቅ ይለካል፤ ቅቤ ይመዘናል፤ ከብት ይቆጠራል፤ እህል ግን ይሰፈራል። መስፈር ማለት ወሰኑ በታወቀ ዕቃ ሞልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ በይዘት መስጠት ነው። ጣሳው፣ ቁናው፣ ላዳኑ መስፈሪያዎች እንጂ መመዘኛዎች አይባሉም። መኪናችንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጉድጓዱ ይሞላል፤ አጉራሹ እንደ ነጋዴዪቱ እጅ አፉን ጠርጎ ያልፋል። መኪናው ይሰፍራል እንጂ አይመዝንም። ረቂቁ ግን ጉድጓዱን «መመዘኛ ጉድጓድ» ብሎታል። በዚህ አንድ ቃል ሠራተኛው መኪናው ክብደትን እንደሚያውቅ፣ አንድ ጊዜ ከተስተካከለም ክብደቱን እንደሚጠብቅ እንዲያምን ተደርጓል።

«መስፈሪያ» ቢባል ኖሮ ከቃሉ ጋር የገበያው ዕውቀት ሁሉ አብሮ ይመጣ ነበር። በአንድ ጣሳ የተሰፈረ ጤፍና በዚያው ጣሳ የተሰፈረ አጃ ሚዛን ላይ እኩል እንደማይሆኑ ለገበያተኛ ማስተማር አያሻም። የተነቀነቀ መስፈሪያ ካልተነቀነቀው የበለጠ እንደሚይዝም ሻጭም ገዢም ያውቁታል፤ ክርክራቸውም ከዚያ የሚነሣ ነው። መኪናው ላይ የሚደርሰው ችግር ይኸው ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥ በሆፐሩ ውስጥ ያለው ደቃቁ ከሻካራው እየተለየ ይዘቅጣል፤ ስለዚህ በሥራው መጀመሪያ የወረደውና በመጨረሻ የሚወርደው አንድ ዓይነት አይሆንም። ቅንጣቱ እርጥበት ስቦ ቢያያዝ ወይም አወራረዱ ቢቆራረጥ ጉድጓዱ በደንብ አይሞላም። ማስተካከያው ሳይነካ፣ ጥልቀቱም ሳይለወጥ ክብደቱ ይለወጣል። ሠራተኛው በየጊዜው ከመውረጃው እንክብሎች እያነሣ ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጥ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ 20 እንክብሎች ለየብቻቸው እንዲመዘኑ ያዝዛል። ሽፋን የሌላቸውና አማካይ ክብደታቸው 250 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከአማካዩ ከ5 በመቶ በላይ የሚርቁት ከ2 መብለጥ የለባቸውም፤ ከ10 በመቶ በላይ የሚርቅ ደግሞ አንድም መገኘት የለበትም። በዚህ አንቀጽ ላይ ረቂቁ «መመዘን» ማለቱ ትክክል ነው፤ እዚህ በእርግጥ ሚዛን አለና። «መስፈር» ለመኪናው፣ «መመዘን» ለሚዛኑ ቢሰጡ አንባቢው የምርመራውን ምክንያት ከቃላቱ ልዩነት ብቻ ይረዳው ነበር።

ስለዚህ በበኩላችን ታችኛው ማስተካከያ «የስፍር ማስተካከያ»፣ ላይኛው «የእመቃ ማስተካከያ» እንዲባሉ፣ «መጠን» የሚለው ቃል ደግሞ በሽተኛው ለሚወስደው የመድኃኒት ልክ ብቻ እንዲጠበቅ እናሳስባለን። «ስፍር» የገበያ ቃል ነው፣ ለሳይንስ ጽሑፍ አይመጥንም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እንገምታለን። ከገበያ የመጣ መሆኑ ለእኛ ብቃቱ ነው። ከግእዝ ተፈልጎ የወጣ ቃል ክብር ይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን ሠራተኛው እጁን ማስተካከያው ላይ ባደረገበት ቅጽበት ምንም አያሳስበውም።

ቀለበቱ ራሱ ማን ይባል የሚለው ጉዳይ እኛንም አከራክሮናል። ረቂቁ አንድ ቦታ «መመዘኛ ጉድጓድ»፣ ሌላ ቦታ «ቅርጽ ማውጫ» ይለዋል። አንድን ነገር በሁለት ስም መጥራት በመመሪያ ጽሑፍ የማይፈቀድ ነው። «ቅርጽ ማውጫ» የታወቀ ቃል ቢሆንም ቀልጦ የሚፈስስ ነገርን ያሳስባል። ከመካከላችን «ሰገባ» ይባል ያሉ ነበሩ፤ ዘንጉ እንደ ጎራዴ ይገባበታል፣ ይወጣበታልም ሲሉ። ምስሉ ያማረ ነው። ነገር ግን ሰገባ ጫፉ የተዘጋ ነው፤ ይህ ግን ከላይም ከታችም ክፍት መሆኑ ለሥራው ዋና ነገር ነው። ወለሉ የታችኛው ዘንግ ነውና፤ ወለሉ የማይንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ ስፍሩን ማስተካከልም እንክብሉን ማስወጣትም ባልተቻለ ነበር። ስለዚህ ብረቱን «ቀለበት»፣ ቀለበቱና የታችኛው ዘንግ አንድ ላይ የሚሠሩትን ጉድጓድ «መስፈሪያ» ብለን መለየቱን መርጠናል።

ለዘንጎቹ ረቂቁ የሰጠው ስም «መብሻ» ነው። ይህ ከእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍቺ ማንሣት ነው። ወረቀት የሚበሳውና ቆዳ የሚበሳው መሣሪያ በእንግሊዝኛ ከዚህኛው ጋር አንድ ስም አለው፤ ይህ ግን ምንም አይበሳም። «ሙቀጫና ዘነዘና» ብንለውስ የሚል ሐሳብም ሰምተናል። ቅርጹ ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። ዘነዘና ይሰብራል፣ ያደቅቃል፤ ይህኛው የደቀቀውን ያያይዛል። የዚህ ጥበብ ታሪክም ይህን ይደግፋል። ሠዓሊና ፈልሳፊ የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ብሮክደን እ.ኤ.አ. በ1843 የእንክብል ማመቂያ የፈጠራ መብት ሲያወጣ፣ ያው መብት ለእርሳስ የሚሆነውን የግራፋይት ዱቄት አምቆ ማያያዝንም ይጨምር ነበር። ዱቄት በኃይል ብቻ ጠጣር አካል መሆን መቻሉ የሐሳቡ ፍሬ ነው። እንግዲህ «የላይ ዘንግ»ና «የታች ዘንግ» ማለት ይበቃል እንላለን። «አማቂ ዘንግ» ለማለት ዳድቶን ነበር፤ ግን በዚህ ዓይነቱ መኪና የሚያምቀው የላይኛው ብቻ ነው፤ የታችኛው በዚያን ጊዜ ቆሞ ይቀበላል። በተሽከርካሪው መኪና ሁለቱም ያምቃሉና እዚያ ስያሜው ሊያስኬድ ይችላል።

«ማመቅ» ያልነውን ረቂቁ በየገጹ «መጭመቅ» ይለዋል። ልዩነቱ ለጥንቁቅ ጆሮ ግልጽ ነው። ሎሚ ይጨመቃል፣ የታጠበ ልብስ ይጨመቃል፤ መጭመቅ ከውስጥ ፈሳሽ ማውጣት ነው። ሲታመቅ ግን ምንም አይወጣም፤ ያለው በጠባብ ቦታ ይሰበሰባል። «የታመቀ አየር» ማለትን ሁላችንም ለምደነዋል። ከቅንጣቱ መካከል አየር ይወጣል የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚፈለገው አየሩ ሳይሆን የሚቀረው ነው። አየሩ በበቂ ካልወጣም ጥፋት ያስከትላል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ሆኖ ያገኘነው «ቅባት» ነው። ቅንጣቱ ከመታመቁ በፊት እንክብሉ ከቀለበቱ ግድግዳ ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርግ ነገር ይጨመርበታል፤ የተለመደው ማግኒዝየም ስቲያሬት የተባለው ደቃቅ ነጭ ዱቄት ነው። ረቂቁ «ከማመቅ በፊት ቅባት ይጨመር» ይላል። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ የመኪናው ጥርሶች «ቅባት» እንዲቀቡ ያዝዛል። አንዱ የሚበላ፣ ሌላው በበሽተኛ አፍ ሊገባ የማይገባው ሆኖ ሳለ ሁለቱ በአንድ ስም ተጠርተዋል። የጥርሱን ሠራተኛው ራሱ ግራሶ ይለዋል፤ ይኸው ይቆይለት። ዱቄቱን «አሟላጭ ዱቄት» ብንለው፣ ሳሙና ከእጅ ሲያመልጥ «ያሟልጫል» የምንለው ሁሉ ስሜቱን እናገኘዋለን። «ዱቄት» የሚለው ቃል እንዳይቀር አጥብቀን እንመክራለን። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ሲበዛ ወይም ረጅም ጊዜ ሲደባለቅ የቅንጣቱን ገጽ ሸፍኖ እንዳይያያዝ ያደርጋል። ለቅባት የለመደ እጅ ግን ሲበዛ የሚጠቅም ይመስለዋል።

ስለ ግራሶ ካነሣን ዘንድ፣ ረቂቁ ከጣሊያንኛ የተወረሱትን የጋራዥ ቃላት ለማባረር ያደረገውን ጥረት አልወደድነውም። ቦሎን፣ ዳዶ፣ ቺንጋ፣ ካቻቪቴ የሚያውቅ ሠራተኛ አዲስ ስም ሲሰጠው ዕቃውን ያጣዋል። አንድ ቦታ ብቻ ተርጓሚውን እንረዳዋለን። «ሞላ» ሽቦውም ግሱም በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ ስለ ሙሌት በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ «ሞላው» ሲባል አንባቢው ቆም ይላል። እዚያ «የሞላ ሽቦ» ቢባል ይፈታል።

የእንክብል ጥፋቶች በተዘረዘሩበት ገጽ ላይ አንድ ስያሜ እውነቱን ገልብጦታል። እንክብሉ ከቀለበቱ ሲወጣ ወይም ቆየት ብሎ አናቱ እንደ ክዳን የሚለቅበት ጥፋት አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከላይ የጠቀስነው ሳይወጣ የታፈነው አየር ነው፤ ሌላው የቅንጣቱ ከልክ በላይ መድረቅ ነው። ረቂቁ ይህን «ቆብ ማድረግ» ብሎታል። ቆብ ያደረገ ሰው ቆቡ አናቱ ላይ ነው፤ ይህ እንክብል ግን ቆቡ የወለቀበት ነው! «ክዳን መልቀቅ» ቢባል ቃሉ ራሱ ጥፋቱን ያሳያል። በዘንጉ ጫፍ የተቀረጸው ፊደል ከእንክብሉ ፊት ላይ ቁራጭ ይዞ ሲቀርም ረቂቁ «መልቀም» ይላል። መልቀም ጥንቃቄ ያለበት መልካም ሥራ ነው፤ ቡናም ጤፍም ይለቀማል። የዚህኛው አማርኛ «መቦጨቅ» ነው። እንክብሉ በንብርብር ተለያይቶ መውጣቱን «መነባበር» ማለቱም እንዲሁ መታረም አለበት፤ ጥፋቱ መነባበሩ ሳይሆን ንብርብሩ መላቀቁ ነውና።

«ተሰባሪነት» የተባለው መለኪያ ደግሞ ከ«ጥንካሬ» ጋር ተምታቷል። ጥንካሬ የሚለካው እንክብሉን በሁለት ጎን ይዞ እስኪሰበር በመግፋት ነው። ሁለተኛው ግን እንክብሎቹን በሚዞር ከበሮ ውስጥ፣ በደቂቃ 25 ዙር ሆኖ 100 ጊዜ አንከባሎ የሚጠፋውን ዱቄት መመዘን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በላይ እንዲጠፋ አይፈቀድም። እዚህ የሚፈተነው በመፋተግ መፈርፈሩ ስለሆነ «ተፈርፋሪነት» ይባል። ጠንካራ ሆኖ የሚፈረፈር እንክብል አለ፤ ቃላቱ ካልተለዩ ሠራተኛው ይህን ሊገልጸው አይችልም።

በእንክብሉ በራሱ ስም ላይ አንከራከርም። «እንክብል» ከማንከባለል ጋር ዝምድና ስላለው በጥንቱ መድኃኒት ቀማሚ እጅ ለሚድበለበለው የተሻለ ይስማማል፤ የታመቀው ጠፍጣፋ ነው። ሕዝቡ «ኪኒን» የሚለውም ኩዊኒን ከተባለው የወባ መድኃኒት ስም የመጣ ሆኖ ለማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት ተዛምቷል። ለእንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ነገር አልቀረለትም። ቡሮውስ ዌልካም የተባለው የመድኃኒት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1884 ለታመቁ እንክብሎቹ ያስመዘገበው «ታብሎይድ» የሚል የንግድ ስም ኋላ የአጫጭር ወሬ ጋዜጦች መጠሪያ ሆኗል። ልማድ ካጸደቀው ጋር መጣላት አያዋጣም። የምንጠይቀው ረቂቁ በአንድ ገጽ «እንክብል»፣ በሌላው «ኪኒን»፣ በሦስተኛው «ታብሌት» እንዳይል ብቻ ነው።

የመጨረሻው ነጥባችን በእንክብሉ ፍጻሜ ላይ ነው። በውሃ ውስጥ ተበታትኖ ቅንጣት መሆኑና በውስጡ ያለው መድኃኒት ከውሃው ጋር መዋሐዱ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው። ረቂቁ ሁለቱንም «መሟሟት» ይላቸዋል። ሽፋን የሌለው እንክብል በ15 ደቂቃ ውስጥ እንዲፈርስ በአውሮፓ ፋርማኮፒያ ይጠየቃል፤ የፈረሰው ሁሉ ግን ተሟሟ ማለት አይደለም፤ ያልተሟሟ መድኃኒትም ወደ ደም አይገባም። «መፍረስ» ለፊተኛው፣ «መሟሟት» ለኋለኛው ይሰጥ። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ርእስ ሥር የተቀላቀሉበት ሠንጠረዥ ለሁለት እንዲከፈል ለተርጓሚው ጽፈንለታል።